አሥራ ሰባት ቁጥር አኩርፋለች

(ምድር ቤት ያለ የአይጥ ክፍል ነው። በቀኝ መደርደሪያ ላይ አሥር፣ በግራው አሥር የፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሯል፤ በየሳጥኑ ፊት ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል። ጋውኑን እስከ አንገቱ የቆለፈው ወጣት ተመራማሪ ነው። ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚመልስ ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል፤ እሱ ምስጋና ይመስለዋል። የላስቲክ ሽርጥ የታጠቁት ሰውዬ ደግሞ ሳጥን አጣቢና አይጥ ቀላቢ ናቸው። የተጠየቁትን እንኳ ቶሎ ስለማይመልሱ «አባ ዝግታ» ይባላሉ፤ እሳቸው ግድ የላቸውም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይ ሊቁ ፎቅ ወጥቶ የዓመት ሥራውን ለኃላፊዋ ያስረዳል። አሁን ግን የመዝገቡን ደብተር ይዞ ጣቱን አንድ መስመር ላይ ተክሏል።)

ሊቁ፦ አይጥ አታኮርፍም ጋሼ!

አባ ዝግታ፦ ይቺ አኩርፋ ነበር።

ሊቁ፦ አይጥ አታኮርፍም አልኩ! ማኩረፍ የሰው ነው። ማኩረፍ ቢያንስ ዘመድ ይጠይቃል።

አባ ዝግታ፦ ዘመድማ ሞልቷታል። በዚህ በኩል አሥር፣ በዚያ በኩል አሥር።

ሊቁ፦ የምርምር መዝገብ ላይ «አሥራ ሰባት ቁጥር አኩርፋለች» ተብሎ ይጻፋል? ኃላፊዋ ቢያዩት ምን ይላሉ?

አባ ዝግታ፦ «ማን አስኮረፋት?» ይላሉ።

ሊቁ፦ «የምግብ ፍላጎቷ ቀንሷል» ነው የሚባለው!

አባ ዝግታ፦ ኧረ አልቀነሰም። ጭራሽ አልነበረም። ምግቡን አየችው፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ጥግ ይዛ ተጠቀለለች። እኛ ቤት እንዲህ ሲሆን አኩርፏል ነው የምንለው።

ሊቁ፦ እናንተ ቤት ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው?

አባ ዝግታ፦ አማቴ።

(ሊቁ ለመሳቅ ጊዜ የለውም። ደብተሩን ዘጋ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ፊቱን አለሰለሰ። የሚቀጥለውን ነገር በለሰለሰ ፊት መናገር እንዳለበት ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ሲለማመድ ነው የመጣው።)

ሊቁ፦ ደብተሩን ይተዉት። እስኪ ቁጭ ይበሉ ጋሼ። ወንበሩን ይያዙ።

አባ ዝግታ፦ (ሳይቀመጡ) ሠላሳ ዓመት እዚህ ክፍል ስሠራ ቁጭ በል ያለኝ ሰው የለም። ማን ሞተ?

ሊቁ፦ ስምንት አይጥ።

አባ ዝግታ፦ እነሱንማ እኔው ነኝ ያነሣኋቸው።

ሊቁ፦ ስምንቱም ከቀኝ ረድፍ! ከግራው ስንት ሞተ?

አባ ዝግታ፦ አንዲት። አሥራ ሦስት ቁጥር።

ሊቁ፦ ይሄ ሊሆን አይችልም።

አባ ዝግታ፦ እኔንም ከፍቶኛል። ጨዋ አይጥ ነበረች።

ሊቁ፦ ስለ እሷ አይደለም የማወራው! ውጤቱ ነው ሊሆን የማይችለው። መሞት የነበረበት ግራው ነው። ቀኙ መዳን ነበረበት!

አባ ዝግታ፦ ለእነሱ ነግረሃቸዋል?

ሊቁ፦ ለማን?

አባ ዝግታ፦ ለአይጦቹ።

(ሊቁ ወደ ጣሪያው አየ። ጣሪያው ላይ ያለው የአየር ማራገቢያ ብቻ የሚረዳው መሰለው።)

ሊቁ፦ ይስሙኝ። ከመጀመሪያው ላስረዳዎት፣ በሚገባዎት አማርኛ። ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ይገባል። እሺ?

አባ ዝግታ፦ በየት?

ሊቁ፦ በእኔ መርፌ። ሃያዎቹንም እኩል ነው የወጋኋቸው።

አባ ዝግታ፦ እሺ። ጥፋተኛው ታወቀ።

ሊቁ፦ እንደ ልማዱ ከውጭ ሲመጣ ቆዳ አለ፤ አጥር ማለት ነው። አጥሩን ያለፈውን ነጭ የደም ሴሎች ይይዙታል። ዘበኞች ይበሏቸው። አንዳንዶቹ ዘበኞች ባክቴሪያውን እንዳለ ይውጡታል።

አባ ዝግታ፦ ሳያኝኩ?

ሊቁ፦ ጥርስ የላቸውም ጋሼ!

አባ ዝግታ፦ እንደኔ ናቸው በለኛ።

ሊቁ፦ ይውጡትና ሆዳቸው ውስጥ ያሟሙታል። ቀናት ሲቆይ ደግሞ ያንን ባክቴሪያ ለይተው የሚያውቁ ሌሎች ሴሎች ይደርሳሉ። ይሄ ሁሉ መከላከያ ይባላል።

አባ ዝግታ፦ ዘበኞቹ ባክቴሪያ ከበሉ ጠገቡ ማለት አይደል? ስኳሩ ለማን ነበር?

ሊቁ፦ ስኳሩ... ለጉልበት ነዋ! የኔ ግኝት እኮ እሱ ነው። ለቀኝ ረድፍ በቀን ሦስት ጊዜ ስኳር ውሃ በቀጭን ቱቦ አጠጣኋቸው። የግራውን ግን ምግቡም ውሃውም ሳጥናቸው ውስጥ አለ፣ ቢፈልጉ ይብሉ ብዬ ተውኳቸው። የተራበ ዘበኛ ሌባ ይይዛል?

አባ ዝግታ፦ ሌባውስ?

ሊቁ፦ ሌባው ምን?

አባ ዝግታ፦ ስኳር አይወድም? አንድ ቤት ውስጥ አይደሉ እንዴ? ማዕድ ሲቀርብ ለዘበኛው ብቻ ነው?

ሊቁ፦ እሱ ከባድ ጥያቄ... አይ፣ ቀላል ጥያቄ ነው። አሁን ግን ጊዜ የለንም። ዋናው ነገር ሳስብ ሰንብቼ ደርሼበታለሁ። ለዚህ ውጤት አንድ ማብራሪያ ብቻ ነው ያለው። ሳጥኖቹ ሲታጠቡ ተቀላቅለዋል። የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ሄዷል።

አባ ዝግታ፦ ማን ቀላቀላቸው?

ሊቁ፦ ሳጥን የሚያጥበው ማን ነው?

አባ ዝግታ፦ እኔ።

ሊቁ፦ እንግዲህ...

አባ ዝግታ፦ (ረጅም ጊዜ አሰቡ) ሌላ አጣቢ ቀጠሩ እንዴ?

ሊቁ፦ ጋሼ! እርስዎ ነዎት የቀላቀሏቸው! (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት እያወጣ) አይጨነቁ፤ እንዳይደክሙ ብዬ እኔው ጽፌዋለሁ። የሚጠበቅብዎት እዚህች ላይ መፈረም ብቻ ነው።

አባ ዝግታ፦ (መነጽራቸውን ፈልገው፣ ጠርገው፣ አድርገው) «እ... ኔ...»። ይሄ እኔ ማለት ማን ነው?

ሊቁ፦ እርስዎ ነዎት።

አባ ዝግታ፦ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?

ሊቁ፦ ሲፈርሙበት እርስዎ ይሆናል።

አባ ዝግታ፦ ወይ ትምህርት! «እኔ ከዚህ በታች ፊርማዬ የሚገኘው ሳጥን አጣቢ፣ በመዘናጋትና በዕድሜ መግፋት ምክንያት...»። ዕድሜዬን ማን ነገረህ?

ሊቁ፦ ይቀጥሉ።

አባ ዝግታ፦ «...የቀኝና የግራ ረድፍ ሳጥኖችን የቀላቀልኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» (መነጽራቸውን አወለቁ) በሩ ላይ የተለጠፈውን እስኪ አንብብልኝ። የእኔ ዓይን እዚያ ድረስ አይሄድም።

ሊቁ፦ የቱን? «ያለ ጓንት መግባት ክልክል ነው» የሚለውን?

አባ ዝግታ፦ ከሱ በታች።

ሊቁ፦ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

አባ ዝግታ፦ ከሱም በታች።

ሊቁ፦ (ድምፁ እየወረደ) «ሳጥን የቀላቀለ ሠራተኛ... ከሥራ ይሰናበታል።»

አባ ዝግታ፦ ጥሩ ታነባለህ።

(ሊቁ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሲገባ ሲወጣ ሦስተኛውን መስመር አንድ ቀን አላነበበውም። አሁን አፈረ፤ እውነት ነው ያፈረው። ግን ደግሞ አራት ሰዓት እየመጣ ነው። እናቱ «ልጄ ዛሬ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ሊናገር ነው» ብለው ለሰፈሩ በሙሉ ነግረዋል፤ ማምሻውን ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። እናም ቀጠለ።)

ሊቁ፦ ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚሆነው። እኔ ኃላፊዋን እለምናለሁ።

አባ ዝግታ፦ ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀረኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል እሰማለሁ። ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን ደግሞ አንተው ሰጠኸኝ። ሁለታችን ከተገናኘን አንላቀቅም።

ሊቁ፦ እንዲህ እንዳላስከፋዎት ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። ማስረጃ አለኝ! ባለፈው ማክሰኞ «ሰዓት ስንት ነው?» ስልዎ ምን አሉኝ?

አባ ዝግታ፦ ምን አልኩ?

ሊቁ፦ «አሥራ ዘጠኝ»! አሥራ ዘጠኝ ሰዓት የሚባል አለ? ረቡዕ «ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አልኩዎት፤ «ሃያ» አሉኝ።

አባ ዝግታ፦ አራት ናቸው።

ሊቁ፦ ያውልዎት! ሐሙስ ደግሞ «ደህና አደሩ ወይ» ስልዎ «ሰባት» ብለው አለፉኝ። የወለደውን ልጅ ቁጥር የሚስት ሰው የሳጥን ቁጥር አይስትም? ክፋት አለብዎት አላልኩም። አእምሮም እንደ ጉልበት ይደክማል።

(አባ ዝግታ ወረቀቱን አጥፈው የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፣ ንጹሕ ሳጥን አመጡ፣ ወደ ግራው መደርደሪያ ሄደው የአሥራ ሰባት ቁጥርን ክዳን ከፈቱ። ነጯን አይጥ በመዳፋቸው አቀፏት።)

አባ ዝግታ፦ አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት።

ሊቁ፦ ምን እያደረጉ ነው?

አባ ዝግታ፦ አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎት?

አባ ዝግታ፦ (ተቆጥተው) አሥራ ሰባት!

ሊቁ፦ እኔን ነው እንዴ የሚሰድቡኝ?

አባ ዝግታ፦ አሥራ ሰባት። (አይጧን ንጹሑ ሳጥን ውስጥ አኖሯት፣ ካርዱን ከአሮጌው ነቅለው አዲሱ ላይ ሰቀሉ፣ ክዳኑን ዘጉ፣ ተነፈሱ) አዎ፣ ውሃ አምጣልኝ። ጉሮሮዬ ደርቋል።

ሊቁ፦ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያጥቡት?

አባ ዝግታ፦ አንድ ሳጥን፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ቁጥር። አይጧ ቤቷ እስክትገባ ከቁጥሯ በቀር ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ንጉሥ ቢመጣ ቁጥሯን ነው የምነግረው። አንተ ደግሞ አይጥ እጄ ላይ ካልያዝኩ ሰላም አትለኝም።

ሊቁ፦ (በቀስታ) ማክሰኞ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ቁጥር...

አባ ዝግታ፦ እጄ ላይ ነበረች።

ሊቁ፦ ሃያ ልጅ ያሉኝስ...

አባ ዝግታ፦ ሃያ ቁጥር። የእኔዎቹ አራት ናቸው፤ ተመስገን፣ አንዱም ጭራ አላወጣም።

ሊቁ፦ (ራሱን ነቅንቆ) የለም፣ የለም። ይሄ የአፍ ነገር ነው። ሳይንስ የሚታይ ነገር ይፈልጋል።

አባ ዝግታ፦ እሺ፣ የሚታይ ነገር ልጠይቅህ። የአይጦቹን ጆሮ ጫፍ ማን ነው የቀነጠበው?

ሊቁ፦ (ኮራ ብሎ) እኔ ነኛ! ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ። የቀኝ ረድፍ ቀኝ ጆሮ፣ የግራ ረድፍ ግራ ጆሮ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ በገዛ እጄ!

አባ ዝግታ፦ ለምን?

ሊቁ፦ ለምን ይባላል እንዴ? ጥንቃቄ ነው! አንድ ቀን ሳጥኖቹ ቢቀላቀሉ እንኳ የትኛዋ ከየትኛው ረድፍ እንደሆነች...

(ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።)

አባ ዝግታ፦ ጨርሰው እንጂ። እኔ እኮ ካልጨረሱልኝ አይገባኝም።

ሊቁ፦ ...ወዲያው እንዲታወቅ ነው።

አባ ዝግታ፦ በል ፍሪጁን ክፈት።

(ሊቁ ፍሪጁን ከፈተ። ከቀኝ ረድፍ የሞቱት ስምንት አይጦች በየከረጢታቸው ተኝተዋል። አንዷን አየ፤ ቀኝ ጆሮ። ሁለተኛዋን አየ፤ ቀኝ ጆሮ። ስምንተኛዋ ጋ ሲደርስ ግራ ትሆን ዘንድ በልቡ ለመናት። ቀኝ ነበረች።)

ሊቁ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ) አለቀልኝ። ዓመቴን ውሃ በላው።

አባ ዝግታ፦ ስኳር ውሃ።

ሊቁ፦ ግን ለምን? ጉልበት ነበር የሰጠኋቸው። በሞቴ እያልኩ እኮ ነው ያጠጣኋቸው!

አባ ዝግታ፦ ጠይቀውህ ነበር?

ሊቁ፦ እንዴት ይጠይቁኛል? የምግብ ፍላጎታቸው ተዘግቶ ነበር።

አባ ዝግታ፦ ማን ዘጋው?

ሊቁ፦ በሽታው ነዋ።

አባ ዝግታ፦ በሽታው ማለት ሌባው?

ሊቁ፦ ሌባው እንኳ አይደለም። መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው። (ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ) «ነጭ የደም ሴሎች ወራሪን ሲያገኙ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃሉ። መልእክተኞቹም ወደ አንጎል ደርሰው እንቅልፍን ይጨምራሉ፣ እንቅስቃሴን ይቀንሳሉ፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ።» ፈተና ላይ መጥቶልኝ ከሃያ ሃያ አግኝቼበታለሁ።

አባ ዝግታ፦ ቀስ በልልኝ። «ምግብ ዝጉ» ብሎ መልእክት የላከው ማን ነው?

ሊቁ፦ ነጭ የደም ሴሎቹ።

አባ ዝግታ፦ እነዚያ ዘበኞቹ?

ሊቁ፦ ዘበኞቹ።

አባ ዝግታ፦ አንተ ጉልበት ላግዛቸው ያልካቸው?

ሊቁ፦ አዎ፣ እነሱው።

አባ ዝግታ፦ እንግዲህ ዘበኞቹ ራሳቸው «ሥራ ላይ ነን፣ በሩን ዝጉ» ብለው የዘጉትን በር አንተ በቱቦ ከፍተህ ገባህ?

(በትምህርት ዘመኑ ሁሉ ያነበበው ሁሉ በሊቁ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይለዋወጥ ጀመር።)

አባ ዝግታ፦ ይቅርታ፣ ያልተማረ ሰው ጥያቄ ነው።

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ) ደብተሩ! ደብተሩ የታለ? (እየገለጠ) ሁለተኛ ቀን... «አሥራ አንድ ቁጥር አኩርፋለች። አሥራ ሁለት ቁጥር አኩርፋለች። አሥራ አራት ቁጥር አኩርፋለች፣ ብለምናትም እንቢ ብላለች...»። ጋሼ፣ የግራው ረድፍ በሙሉ ነው እንዴ ያኮረፈው?

አባ ዝግታ፦ ከአሥራ ሦስት በቀር። እሷ ሆዳም ቢጤ ነበረች፤ ስትበላ ነው የከረመችው።

ሊቁ፦ አራተኛ ቀን... «አሥራ ሰባት ቁጥር ታርቃለች»?

አባ ዝግታ፦ ጠዋት ስገባ ራሷ መጥታ ትቆረጥማለች። ማንም አላማለዳትም።

ሊቁ፦ የቀኙ ረድፍስ? «ሦስት ቁጥር አፏን ዘግታ ነበር፣ አስከፍተዋታል። አራት ቁጥር ፊቷን አዙራለች፣ ይዘው አጠጥተዋታል። አራት ቁጥር አረፈች።» (ቀና ብሎ) እኔን ነው «አስከፍተዋታል» የሚለው።

አባ ዝግታ፦ ስምህን አልጻፍኩም።

ሊቁ፦ ሁሉም እዚህ ተጽፏል። ሁሉም! እኔ ደግሞ ቃሉን ሳርም...

አባ ዝግታ፦ የግራዎቹ «ከነገሩ ጦም እደሩ» አሉ። አንተ ቀኞቹን ጦም አላሳድር አልካቸው። እኔ የገባኝ ይሄ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ አለመብላቱ ራሱ መከላከያ ነበር ማለት ነው! ምናልባት ሰውነት ሲጾም ስቡን ያነዳል፤ ስቡ ሲነድ ውጊያው አንጎልን እንዳይጎዳው ይጠብቃል... በዚህ ባክቴሪያ ማለቴ ነው። በሌላ በሽታ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። በሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ አይነገርም፤ የታመመ ሰው ሐኪሙን ይስማ!

አባ ዝግታ፦ አማቴ ጋ አላደርሰውም። እሳቸው ጤነኛ አኩራፊ ናቸው።

(የግድግዳው ስልክ ጮኸ። ሊቁ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ አነሣው፤ ኃላፊዋ ናቸው። አባ ዝግታ የሳጥን ማጠቢያ ጨርቃቸውን ይዘው ባሉበት ቆሙ።)

ሊቁ፦ አቤት ዶክተር። አዎ፣ ውጤቱ ደርሷል... አይ፣ እንዳሰብኩት አልሆነም... ሳጥን? ሳጥን ተቀላቅሏል ያለዎት ማን ነው? (አዳምጦ) እኔ ነኝ። ትናንት። አዎ፣ ብዬዎት ነበር።

(ዞሮ አያቸው። ጨርቁ እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሊቁ አሁን በሩ ላይ ያለውን መስመር ሳያየው ይነበብለት ነበር። ልቡ ቀልጦ ነው የተናገረው።)

ሊቁ፦ ተሳስቼ ነው ዶክተር። ሳጥን አልተቀላቀለም። የተቀላቀለው የእኔ ጭንቅላት ነው... አዎ፣ የሰው እንጀራ ልነጥቅ ነበር... የግራዎቹን ያዳናቸው አለመብላታቸው ነው... ይህን ያየው? እኔ አይደለሁም፤ ጋሼ ናቸው። አዎ፣ አባ ዝግ... አዎ፣ እሳቸው። በየቀኑ ጽፈውታል፤ የቃል አመራረጣቸው ትንሽ... አይ፣ ቃሉንም አልነካውም... እሳቸው ይምጡ? ወደ ስብሰባው? እኔስ?... ሳጥኑን ማን ያጥባል ታዲያ? (የአባ ዝግታን ሽርጥ እያየ) እሺ ዶክተር። ገባኝ ዶክተር።

አባ ዝግታ፦ ምን አሉ?

ሊቁ፦ ያዩትን እርስዎ በአንደበትዎ ያስረዱ አሉ። ደብተሩን ይዘው ይውጡ።

አባ ዝግታ፦ እኔ ፎቅ? አሳንሰር ይዞኝ አያውቅም እኮ።

ሊቁ፦ በደረጃ ይሂዱ። (ዓይናቸውን ሳያይ) ጋሼ... ይቅር ይበሉኝ። ያንን ወረቀት ይስጡኝና ልቅደደው።

አባ ዝግታ፦ (ወረቀቱን ከሽርጥ ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት፤ ቀደደው) በል ይኸው። እንዳዘንኩብህ አልደብቅህም። ሠላሳ ዓመት አንዲት አይጥ ከቤቷ አላሳሳትኩም። በል አሁን ሽርጡን ታጠቅ። ያልታጠቡት አሥር ቀርተዋል፤ ስምንት ከግራ፣ ሁለት ከቀኝ። አንድ ሳጥን፣ አንድ ካርድ...

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ይሄ ለእኔ ይነገራል? ሁለት ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ። ይልቅ ይፍጠኑ፣ እንዳያረፍዱ!

(አባ ዝግታ ደብተሩን ይዘው ወጡ። ሊቁ ሽርጡን ታጥቆ እጅጌውን ሰበሰበ። ሸክም ከልቡ ወርዶለት ፉጨት አማረው። አሥር ሳጥን በአንድ በአንድ ማጠብ ምን ማለት ነው? ሰው ለምን ተማረ? ጥቂት አሰበና አንድ ሰፊ ገንዳ አወጣ። አባ ዝግታ የደረጃውን ግማሽ ወጥተው መነጽራቸውን መርሳታቸው ትዝ ሲላቸው፣ በቀስታም ቢሆን፣ ተመለሱ።)

ሊቁ፦ ጋሼ! በጊዜ መጡ! ይዩ፣ አሥሩም ሳጥን ታጥቦ አልቋል። እርስዎ ግማሽ ቀን የሚፈጅብዎትን እኔ በሩብ ሰዓት!

አባ ዝግታ፦ አይጦቹስ?

ሊቁ፦ ገንዳው ውስጥ ናቸው። አንድ ላይ። እንዴት ደስ እንዳላቸው!

አባ ዝግታ፦ ካርዶቹስ?

ሊቁ፦ እጄ ላይ። በቅደም ተከተል ነው የሰበሰብኳቸው፤ አንዱም አልጎደለ!

አባ ዝግታ፦ የትኛው ካርድ የትኛዋ ነው?

(ሊቁ ካርዶቹን አየ። ገንዳውን አየ። አሥር ነጫጭ አይጦች አሥር ነጭ ጀርባ ሰጡት። እንደገና ካርዶቹን አየ።)

ሊቁ፦ ጆሯቸው... ጆሯቸው ላይ ምልክት አለ!

አባ ዝግታ፦ ጆሮው ረድፉን ነው የሚናገረው። ቁጥሩንስ?

(ሊቁ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ሦስተኛውን መስመር ማንም አንብብ ሳይለው አነበበው። ይህን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። እሱ እጁን ሳይዘረጋ አባ ዝግታ አነሡት፤ በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል አጣብቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። ሊቁ ዓይኑን ጨፈነ።)

አባ ዝግታ፦ አቤት ዶክተር... እየመጣሁ ነው፤ ሩብ ሰዓት ብቻ ይታገሱኝ። (በሹክሹክታ፣ ለሊቁ) ጅራቷ ጫፉ ላይ የታጠፈው፣ አሥራ ሁለት። ካርዱን አምጣ... አይ፣ ምንም አልተፈጠረም ዶክተር። (በሹክሹክታ) ጺሟ በአንድ ወገን ያጠረው፣ አሥራ አምስት። ካርዱን አምጣ አልኩህ... ማን? ልጁ? አለ፣ አጠገቤ ነው። ሳጥን ማጠብ እያስተማርኩት ነው... እንዴት ነው? (ቀና ብለው ሊቁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት) ኧረ ጎበዝ ነው ዶክተር። ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው እንጂ።